አማቴ ከእጄ ቡና መቀበል ካቆሙ ወር አለፋቸው

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የኢንዶኔዥያዋ ደሴት የባሊ ሰው ነው። ዱባይ ሆቴል ስንሠራ ተዋውቀን ተጋባን። ካለፈው ዓመት ጀምሮ እዚሁ ባሊ፣ ኡቡድ ከተማ አጠገብ፣ ከቤተሰቡ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ እንኖራለን። የ19 ዓመቷ እህቱ በድንገት ትጮኻለች፣ ታለቅሳለች፤ አራት ሰው ይዟትም አትቻልም። ባህላዊ ሐኪሙ «አስማት ነው፤ ከቅርብ ሰው ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ አማቴ ከእጄ ቡና አይቀበሉም። ብርጭቆው እንደሞላ ይቀዘቅዛል። ባለቤቴም ዝም ብሏል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ያ የቀዘቀዘ ብርጭቆ እኔንም አሳዝኖኛል። በሰው አገር መጠርጠር ከባድ ነው።

መጀመሪያ ስለ ልጅቷ። ባሊዎች እንዲህ ያለውን ሕመም «ቤባይናን» ይሉታል። በአስማት የተላከ ክፉ መንፈስ ሰውነቷ ውስጥ ገባ ማለታቸው ነው። የባሊዋ የአእምሮ ሐኪም ሉህ ከቱት ሱርያኒ እ.ኤ.አ. በ1984 ስለዚህ ሕመም ጽፈዋል። በብዛት የሚያጠቃው ወጣት ሴቶችን ነው። ብዙ ጊዜ ከጩኸቱ ጀርባ በአፍ ያልወጣ ነገር አለ። ስትረጋጋ አጠገቧ ተቀመጪ፤ አትጠይቂያት። ግን ምላሷን ከነከሰች፣ ሽንት ካመለጣት ወይም ሰውነቷ ደርቆ ከተንቀጠቀጠ የሚጥል በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይያት። ባህላዊ ሐኪሙን፣ ባሊያኑን፣ ተዉ አትበያቸው። እኛስ ጠበልና ሐኪም ቤት አብረን እንሄድ የለ?

አሁን ወዳንቺ። በባሊ እምነት ሌያክ የሚባለው ክፉ አድራጊ ከሩቅ የመጣ ጭራቅ አይደለም። ቀን ሰው ነው፤ ጎረቤት ወይም ዘመድ። የኛን ቡዳ አስቢ። ስለዚህ «ከቅርብ ሰው» ሲባል ዓይን ግቢውን ይዞራል። ሴት ልጅ ስታገባ ወደ ባሏ ግቢ ነው የምትገባው። ቅርብም ናት፣ ከውጭ የመጣችም ናት። አንቺ ደግሞ ባሕር ተሻግረሽ ነው የመጣሽው። ልብ በይ፣ ባሊያኑ ስምሽን አልጠራም። ክፍቱን ቦታ የሞላው የቤቱ ጭንቀት ነው።

«አስማት የለም» ብለሽ አትከራከሪ። እነሱ የሚታየውን ዓለም ሰካላ፣ የማይታየውን ኒስካላ ይሉታል፤ ጠዋት ጠዋት በር ላይ የምታያት የአበባ መባ ለዚያ ለማይታየው ናት። በአንድ ክርክር የሚፈርስ ነገር አይደለም። ያንቺ ጉዳይ ሌላ ነው፤ ጥርጣሬው።

እሱን ለባለቤትሽ አንሺው። ብቻችሁን ስትሆኑ፣ በእርጋታ፦ «በአስማት ታምናለህ ወይ አልልህም። እኔ አድርጌዋለሁ ብለህ ታስባለህ?» በይው። አላስብም ካለ፣ ይህንኑ ለእናቱ ራሱ ይንገራቸው። አንቺ አማትሽ ፊት ቆመሽ መማል የለብሽም። ዝምታው እዚያ ቤት ውስጥ «አዎ» ተብሎ እየተተረጎመ መሆኑን ይወቅ። በዚህ ላይ ጠንከር በይ። የመንጻት ሥርዓት እናድርግ ካሉ፣ ሃይማኖትሽ የሚፈቅደውን ያህል ተሳተፊ፤ የማይፈቅደውንም በትሕትና ንገሪያቸው። የሚያስፈራራሽ ሰው ከመጣ ግን አንድም ቀን አትቆዪ፤ ከዚያ ግቢ ውጪ።

ቡናውን ደግሞ ለጊዜው አታቅርቢ። ይልቅ ማለዳ አማትሽ ሲያፈሉ ሄደሽ አጠገባቸው ተቀመጪና «ለኔም ይቅዱልኝ» በያቸው። ሲሰጡሽ እዚያው እያዩሽ ጠጪ።