ልጆቼን ቤት እያስተማርኩ ወደ ጀርመን መዛወር እችላለሁ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የ9 እና የ12 ዓመት ልጆቼን በሆምስኩል አስተምራለሁ፤ በየዓመቱም ለትምህርት ዲስትሪክቱ አሳውቃለሁ። ባለቤቴ ፍራንክፈርት ሥራ ስላገኘ በመጪው ነሐሴ ልንሄድ ነው። አንዳንዱ «አሜሪካዊ ዜጎች ስለሆናችሁ በኦንላይን መቀጠል ትችላላችሁ» ይለናል፣ ሌላው «ልጆቻችሁን ይወስዱባችኋል» ይለናል። ማንን እንመን?

መልስ፦ እህታችን፣ ሁለቱም እንደተባለው አይደለም። ዜግነት ከጀርመን የትምህርት ግዴታ ነፃ አያወጣም። ልጅ መውሰድ ደግሞ የመጨረሻ እርምጃ ነው፤ ይሁን እንጂ ነገሩ ከርሮ እዚያ የደረሰበት ጊዜ ስላለ እንደ ወሬ አይለፉት። እስካሁን የተጠቀሙበት መብት ከቨርጂኒያ ሕግ የመጣ ነው፤ ኑሮዎን ከዚያ ሲያነሱ መብቱ እዚያው ይቀራል።

በመጀመሪያ የባለቤትዎን የሥራ ውል ያውጡና ቀጣሪው ማን እንደሆነ ይዩ። የአሜሪካ ጦር ወይም የጦሩ ሲቪል ሠራተኛ ሆኖ በኔቶ የጦር ኃይሎች ስምምነት ሥር የሚሄድ ከሆነ፣ ቤተሰቡ ከጀርመን የትምህርት ግዴታ ውጭ ስለሆነ ሆምስኩል መቀጠል ይቻላል። የዲፕሎማት ቤተሰብም እንዲሁ። በባንክ፣ በአየር መንገድ ወይም በኮምፒውተር ኩባንያ ተቀጥሮ በተራ የሥራ ቪዛ የሚሄድ ከሆነ ግን ግዴታው ሙሉ በሙሉ ይመለከታችኋል። በዚህ ነጥብ የቃል ማረጋገጫ አይበቃም፤ የስምምነቱ መብት ለቤተሰቡም እንደሚሠራ በጽሑፍ ይዘው ይሂዱ።

ከዚህ በታች ያለው የግል ኩባንያ ነው በሚል ግምት የተጻፈ ነው (ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

ፍራንክፈርት ያለችው በሄሰን ክልል ነው፤ በጀርመን የትምህርት ሕግ የሚያወጣው ደግሞ ክልሉ ነው። በሄሰን እስከ ሰኔ 30 ድረስ 6 ዓመት የሞላው ልጅ ነሐሴ 1 ላይ የትምህርት ግዴታው ይጀምራል፤ የሙሉ ጊዜው ግዴታ 9 ዓመት ነው። ስለዚህ ሁለቱም ልጆችዎ ይገቡበታል። ግዴታው፣ በደብዳቤዎቹ ላይ «ሹልፍሊኽት» ተብሎ የሚያገኙት፣ «ልጁ ይማር» ብቻ ሳይሆን «ልጁ በአካል ትምህርት ቤት ይገኝ» የሚል ነው። የአሜሪካ ኦንላይን ትምህርት ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን የማያድነውም ለዚህ ነው።

ቤት በገቡ በሁለት ሳምንት ውስጥ የነዋሪነት ምዝገባ፣ ሀበሻው «አንሜልዱንግ» የሚለውን፣ መፈጸም አለባችሁ። ልጆቹ በአድራሻው ላይ እንዳሉ የሚታወቀው በዚህ ነው። «እንግዲያው አንመዝግባቸው» የሚል ምክር ከሰሙ አይቀበሉ፤ ያለመመዝገቡ ራሱ እስከ 1,000 ዩሮ ያስቀጣል፣ በኋላ ፍርድ ቤት ብትቀርቡም ሆን ብላችሁ የደበቃችሁ ያስመስላል።

ልጅ ሳይመጣ ሲቀር ደብዳቤ ይደርሳችኋል፣ ለንግግር ትጠራላችሁ፣ ቀጥሎ የገንዘብ መቀጮ ይመጣል። ወላጅ በእምቢታው ከጸና የሄሰን ትምህርት ሕግ አንቀጽ 182 እስከ 6 ወር እስራት ወይም እስከ 180 ቀን ገቢ የሚሰላ መቀጮ ይደነግጋል። ክሱ የሚቀጥለው የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ፣ ማለትም «ሹልአምት»፣ አቤቱታ ሲያቀርብ ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ አቤቱታውን ሊያነሳም ይችላል፤ ስለዚህ ልጆቹን ማስመዝገብ በማናቸውም ደረጃ ላይ ጥቅም አለው። በሌላ በኩል የወጣቶች ጽሕፈት ቤት («ዩገንድአምት») ለቤተሰብ ፍርድ ቤት ሊያመለክት ይችላል፤ ፍርድ ቤቱም በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1666 የአሳዳሪነት ሥልጣንን በከፊል ያነሳል፣ በተለይ ልጁ የት እንደሚኖርና የት እንደሚማር የመወሰኑን።

እዚያው ሄሰን ውስጥ በ2013 ልጆች ለሦስት ሳምንት ያህል ከቤታቸው ተወስደው ነበር። ወላጆቹ ስትራስቡር ለሚገኘው የአውሮፓ ሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት አቤት ቢሉም፣ ፍርድ ቤቱ ጥር 10 ቀን 2019 የቤተሰብ ሕይወት መብታቸው አልተጣሰም ብሎ ወሰነ። በ2006ም ከዚያው ከጀርመን የቀረበ የሆምስኩል አቤቱታ ወድቋል። በሃይማኖት ምክንያት ልከራከር ካሉ፣ በሩ ብዙ ጊዜ ተንኳኩቶ እንዳልተከፈተ ይወቁ።

ይህን ያህል የሚያጠብቁት ለምን እንደሆነ ካልተረዱት በየስብሰባው ይጋጫሉ። በአሜሪካ ከ1925 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ጀምሮ ልጅን ማሳደግና ማስተማር በቅድሚያ የወላጅ ነው የሚል መሠረት አለ። ጀርመን ውስጥ የመንግሥት የማስተማር ሥልጣን ከወላጅ መብት ጋር እኩል ይቆማል፤ የፌዴራል ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ2003 እንዳለው ኅብረተሰቡ ተለይተው የሚኖሩ የእምነት ማኅበረሰቦች እንዳይፈጠሩ የመከላከል ጥቅም አለው። እኔ የአሜሪካው አካሄድ ለወላጅ የተሻለ ይመስለኛል፤ የሹልአምት ሠራተኛን ግን በዚህ ማሳመን አይቻልም።

የሚቻለው ምንድን ነው? በሃይማኖት ትምህርት ክፍለ ጊዜ ልጅዎ ይግባ ወይስ አይግባ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት፤ 14 ዓመት ሲሞላው ግን ራሱ ይወስናል። ከውኃ ዋና ትምህርት ወይም ከወሲብ ነክ ትምህርት በእምነት ምክንያት ነፃ መውጣት እጅግ ከባድ ነው። በ2013 የፌዴራል አስተዳደር ፍርድ ቤት አንዲት የፍራንክፈርት ሙስሊም ተማሪ ሰውነት የሚሸፍን የዋና ልብስ ለብሳ መግባት ትችላለች ብሎ ጥያቄዋን ውድቅ አድርጓል። ለስቅለት ወይም ለጥምቀት ፈቃድ ሲፈልጉ ግን ቀኑን ጠቅሰው አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ። አማርኛውን፣ ፊደሉንና ጸሎቱን ከሰዓት በኋላና ቅዳሜ ማስተማርን ማንም አይከለክልም።

ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ካሰባችሁ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ትምህርት ቤቱ የትምህርት ግዴታን ለመወጣት በክልሉ ተቀባይነት እንዳለው በጽሑፍ ጠይቁ። በመንግሥት ትምህርት ቤት ጀርመንኛ የማይችል ልጅ መጀመሪያ በቋንቋ ክፍል ይቀመጣል፤ የ12 ዓመቱ ልጅ የሚቸገረው በዚህ ስለሆነ ጀርመንኛውን ከአሁን ያስጀምሩት። ሌላው ብዙ ሰው የሚረሳው የኩፍኝ ክትባት ነው፦ ከመጋቢት 2020 ጀምሮ የሁለት ዶዝ ማረጋገጫ ያስፈልጋል፣ ካልቀረበ ለጤና ጽሕፈት ቤት ይነገራል፣ መቀጮውም እስከ 2,500 ዩሮ ይደርሳል። የክትባት ካርዱን ከሐኪማችሁ ዘንድ አስፈርማችሁ ያዙ።

የቨርጂኒያውን ፋይልም ሳይዘጉ አይሂዱ። የዓመቱን የዕድገት ማስረጃ እስከ ነሐሴ 1 ለሱፐርኢንተንደንቱ (ለትምህርት ዲስትሪክቱ ኃላፊ) ማስገባት አለብዎ፤ በፈተና ከሆነ ውጤቱ ቢያንስ 23ኛው ፐርሰንታይል ላይ፣ ማለትም ከመቶ ተፈታኞች 23 ያህሉን የሚበልጥ፣ መሆን አለበት። ከዚያ ከዲስትሪክቱ መልቀቃችሁን በደብዳቤ ያሳውቁና መድረሱን የሚያሳይ ቅጂ ይያዙ። የፈተናው ውጤትና የተማሩት የትምህርት ዓይነቶች ዝርዝር ጀርመን ውስጥ የክፍል ደረጃቸው ሲወሰን ይጠቅማል፣ የሪፖርት ካርድ ስለሌላቸው።

ሆምስኩልን በምንም ዋጋ አንተውም ካላችሁ ኩባንያው ባለቤትዎን ከጀርመን ውጭ እንዲመድበው ይጠይቁ። እንግሊዝ ውስጥ በ1996 የትምህርት ሕግ አንቀጽ 7 ወላጅ «በሌላ መንገድ» እንዲያስተምር ይፈቀድለታል። ኦስትሪያም ይፈቅዳል፤ በየዓመቱ ግን ልጁ ፈተና ማለፍ አለበት። ፈረንሳይ ከመስከረም 2022 ጀምሮ ቅድመ ፈቃድ ትጠይቃለች፣ ማመልከቻውም ከመጋቢት 1 እስከ ግንቦት 31 ብቻ ነው። ስዊድን ከ2011 ወዲህ በጣም ልዩ ሁኔታ ካልሆነ አትፈቅድም፤ እምነትን እንደ ምክንያት አትቀበልም።

በትምህርት ዓመቱ መካከል ወደ ቨርጂኒያ ብትመለሱ ወዲያው አሳውቀው፣ የሚጠየቁትን ማስረጃ በ30 ቀን ውስጥ አሟልተው ሆምስኩሉን መቀጠል ይችላሉ።