ፓሪስ ለምን ጥሩር ለበሰ? ስለ ጀርመን ሠዓሊዎችና ስለ ግሪክ አማልክት ጥያቄና መልስ

ስለ 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጀርመን ሥዕል የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ከጠበቅሁት በላይ ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የሚገኘውን የጀርመናዊውን ሠዓሊ የሉካስ ክራናህን «የፓሪስ ፍርድ» በፎቶግራፍ አየሁት። ጫካ ውስጥ ሦስት ራቁታቸውን የቆሙ ሴቶች፣ ጥሩር የለበሰ ወታደርና አንድ ጢማም ሽማግሌ አሉ። እረኛው ፓሪስ የታለ?

መልስ፦ ወታደር ያልኸው እሱ ነው። ታሪኩን ለማያውቁ ላስታውስ። በሰርግ ሳትጠራ የቀረችው የጠብ አምላክ ኤሪስ «ለቆንጆዪቱ» የተባለ የወርቅ ፖም በሰርገኛው መካከል ጣለች። ሦስቱ ሴት አማልክት ጁኖ፣ ሚነርቫና የፍቅር አምላኳ ቬነስ «የእኔ ነው፣ የእኔ ነው» ተባባሉ። የአማልክት ንጉሥ ጁፒተር በሚስቱ በጁኖና በልጆቹ መካከል መፍረድ የማያዋጣ መሆኑ ገብቶት ዳኝነቱን እረኛ ሆኖ ባደገው በትሮይ ልዑል በፓሪስ ላይ ጣለው። ቬነስ የሰው ሚስት የሆነችውን ውቢቱን ሄለንን ልትሰጠው ቃል ገባች፤ ፈረደላት፤ ትሮይም በዚያ መዘዝ ጠፋች።

ክራናህ የተከተለው ግን በመካከለኛው ዘመን ሲነበብ የኖረውን የትሮይ ታሪክ ነው። የሲሲሊው ዳኛ ጉዊዶ ደሌ ኮሎኔ በ1287 በላቲን በጨረሰው ትረካ ፓሪስ አደን ወጥቶ መንገድ ይጠፋዋል፤ ፈረሱን ዛፍ ላይ አስሮ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ የአማልክት መልእክተኛው ሜርኩሪ ሦስቱን አማልክት የሚያቀርብለት በሕልሙ ነው። ፈረሱና ጫካው ከዚያ የመጡ ናቸው። ጥሩሩ ደግሞ የክራናህ ዘመን የጀርመን ባላባት ልብስ ነው። ጢማሙ ሽማግሌ ሜርኩሪ ነው፤ ፖሙም የመስታወት ኳስ ሆኗል። ከላይ የቬነስን ልጅ ኩፒድን ተመልከተው፤ ቀስቱን ወጥሮ ያነጣጠረው ወደ ቬነስ ነው። ፓሪስ ገና ዓይኑን ሳይገልጥ ፍርዱ አልቋል።

ጥያቄ፦ ልብስ ካልለበሱ ባርኔጣውና የአንገት ጌጡ ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ይህን የጠየቅሽው እህቴ፣ ነገሩን ከሥሩ ይዘሽዋል። ራቁትነቱ ከጥንት የመጣ የአማልክት ልማድ ነው፤ ባርኔጣውና ሐብሉ ግን የሳክሶኒ ቤተ መንግሥት ሴቶች ጌጥ ነው። የዚያ ዘመን ተመልካች ከሩቅ አገር የመጣች አምላክ ሳይሆን ትናንት በግብዣ ላይ ያያትን ሴት ያየ ይመስለዋል። እኔ የምኖረው ፍራንክፈርት ስለሆነ የ1532ቷን ቬነስ በሽቴዴል ሙዚየም ደጋግሜ አይቻታለሁ። ቁመቷ 37 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ካልተጠጉ አትታይም። በሁለት እጇ የዘረጋችው ስስ ሻሽ ምንም አይሸፍንም፤ ሠዓሊው በቀጭን ነጭ መስመር ዳርና ዳሩን ባያሳየን ኖሮ መኖሩንም አናውቅም ነበር።

ጥያቄ፦ ንቦች የወረሩት ሕፃን ያለበት ሥዕልስ?

መልስ፦ ክራናህና የሥራ ቤቱ ይህን ርእስ ከሃያ ጊዜ በላይ ሠርተውታል፤ እኔ የምወደው ለንደን ናሽናል ጋለሪ ያለውን ነው። ኩፒድ ሰፈፉን ታቅፎ እያለቀሰ ወደ እናቱ ያንጋጥጣል፤ ንቦቹ በገላው ላይ ይርመሰመሳሉ። ቬነስ በላባ ያጌጠ ባርኔጣዋን ደፍታ የፖም ዛፍ ቅርንጫፍ ይዛለች፤ ፊቷ ላይ የርኅራኄ ምልክት የለም። ምንጩ በቴዎክሪቶስ ስም የሚታወቅ የግሪክ ግጥም ነው፤ ልጁ «ይህቺ ትንሽ ፍጥረት እንዴት እንዲህ ያቆስላል?» ሲል እናቱ «አንተስ ትንሽ ሆነህ የምታቆስለው መች ትንሽ ነው?» ብላ ትስቅበታለች። በሥዕሉ ላይ የተጻፈው የላቲን ግጥም ግን ጨዋታውን ወደ ተግሣጽ ይለውጠዋል፤ እኛም የምንሻው አላፊ ደስታ ከሐዘን ጋር ተቀላቅሎ ይጎዳናል ይላል። ተግሣጹን የሚያነብ፣ ዓይኑን ከቬነስ ላይ ካነሳ ነው።

ጥያቄ፦ ክራናህ የማርቲን ሉተር ወዳጅ አልነበረም? እንዴት ራቁት ጣዖት ይሥላል?

መልስ፦ ወዳጅ ብቻ አይደለም፤ በ1525 የሉተር ሰርግ ምስክር ነበር፤ በ1522 የሉተርን የጀርመንኛ ሐዲስ ኪዳን ካሳተሙት አንዱም እሱ ነው። ከ1505 ጀምሮ በቪተንበርግ የሳክሶኒ መሳፍንት ሠዓሊ ሆኖ ሲያገለግል መድኃኒት ቤትም ነበረው፣ ወይን ይነግድ ነበር፣ ከንቲባም ሆኗል። የሉተር ተቃዋሚ ለነበሩት ለካርዲናል አልብሬክትም ሥሏል። ሉተር የጀመረው የቤተ ክርስቲያን ተሐድሶ ሲስፋፋ ለቤተ ክርስቲያን መሠዊያ የሚታዘዘው ሥዕል ቀነሰ፤ በመኳንንቱ እልፍኝ የሚሰቀል ትንሽ ሥዕል ግን ገበያ ነበረው። ነጋዴው ክራናህ ገበያውን አላጣውም።

ጥያቄ፦ የሄርኩለስን ጉልበት የሚያሳይ ሥዕል ካለ ይጠቁሙን።

መልስ፦ ጉልበቱን ከፈለጉ ኑረምበርግ ያለውን የአልብሬክት ዱረርን የ1500 ሥዕል ይዩ፤ ቀስቱን ወጥሮ በአፈ ታሪክ ሰው በላ የተባሉትን የስቲምፋሎስን ወፎች ይገድላል። ዱረር ጣሊያን ወርዶ የሰውን ገላ በልክና በስፍር ያጠና ሰው ስለሆነ ጡንቻው በቦታው ነው።

እኔ ግን ጉልበቱ ያለቀበትን ሄርኩለስ አስበልጣለሁ። ክራናህ በ1537 የሣለው ይህ ሥዕል ብራውንሽቫይግ ውስጥ አለ። ጀግናው ለልድያዋ ንግሥት ለኦምፋሌ ባሪያ ሆኗል፤ የሳክሶኒ ወይዛዝርት ከበውት ነጭ የሴት ሻሽ ይጠመጥሙለታል፤ እሱ ይፈትላል። በእኛ አገር መሸመን የወንድ፣ መፍተል የሴት ሥራ ሆኖ ስለኖረ ቀልዱን አስረጂ ሳያስፈልገን እንይዘዋለን።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ የለችም?

መልስ፦ አለች፤ ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ማለታቸው እንጂ የዛሬውን ድንበር አይደለም። ከባሕር አውሬ የዳነችው አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ ናት፤ የሮማው ገጣሚ ኦቪድ የአገሯ መልክ ያላት ጠይም ይላታል። የአውሮፓ ሠዓሊዎች ግን በአብዛኛው ነጭ አድርገው ነው የሣሏት፤ ይህ ያናድደኛል። ምክንያቱም ጥቁር ሰው መሣል አቅቷቸው አይደለም። ከአፈ ታሪክ ወጥተን ወደ ቅዱሳን ስንሄድ ጀርመናዊው ሠዓሊ ግሩኔቫልድ ለዚያው ለካርዲናል አልብሬክት የሣለው፣ አሁን ሙኒክ ያለው ቅዱስ ሞሪስ ጥቁር ነው፤ የሚያብረቀርቅ ጥሩር ለብሶ ከአንድ ጳጳስ ጋር ፊት ለፊት ይነጋገራል።

ጥያቄ፦ አንድ ሥዕል ብቻ አይተህ ተመለስ ቢባሉ የትኛውን ያያሉ?

መልስ፦ ከክራናህ ትቼ ወደ አዳም ኤልስሃይመር እሄዳለሁ። በ1578 ፍራንክፈርት ተወልዶ በ1610 ሮም ውስጥ ገና በ32 ዓመቱ የሞተ ሠዓሊ ነው። በመዳብ ላይ የሣላት፣ አሁን ድሬስደን ውስጥ ያለችው ሥዕል ከአንድ ደብተር ገጽ እምብዛም አትበልጥም። ጁፒተርና ሜርኩሪ መንገደኛ መስለው በየደጁ ሲያንኳኩ ሁሉም በር ይዘጋባቸዋል፤ ሁለት ድሆች ባልና ሚስት፣ ፊሌሞንና ባውኪስ ግን ያስገቧቸዋል። «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ የመሸብኝ» የሚለውን ጥሪ ሲሰማ ላደገ ሰው ይህ ታሪክ ባዕድ አይደለም። ኤልስሃይመር ደመናም መብረቅም አልሣለም፤ የዘይት መብራት የሚያበራው ጨለማ ጎጆ፣ ደክሟቸው የተቀመጡ ሁለት እንግዶችና ጉድ ጉድ የሚሉ ሽማግሌዎች ናቸው። ኦቪድ እንደሚለው ባልና ሚስቱ ያለቻቸውን አንዲት ዝይ ሊያርዱ ሲያባርሯት ሮጣ እንግዶቹ እግር ሥር ተሸሸገች። አማልክት መሆናቸውን መጀመሪያ ያወቀችው እሷ ሳትሆን አትቀርም።