ቁጭ ብሎ የሚውል ልብ፦ የከባድ መኪና ሹፌሮች ጥያቄና መልስ

ስለ ደም ግፊት ከጻፍኩ ወዲህ ከሹፌሮችና ከሹፌር ቤተሰቦች ብዙ ደብዳቤ ደርሶኛል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ተሳቢ ሲነዳ የኖረ ሰው ስለነበር እንደ ቤተሰብ ጉዳይ ነው ያነበብኳቸው። የተደጋገሙትን ሰብስቤ፣ የረዘሙትን አሳጥሬ አቅርቤያለሁ።

«46 ዓመቴ ነው፤ 19 ዓመት ነድቻለሁ። ጭነት አስራለሁ፣ ሸራ እጎትታለሁ፣ ጎማ እፈታለሁ። ማታ ስደርስ ሰውነቴ ዝሎ ነው። ሐኪሙ ግን ‹እንቅስቃሴ ያንስሃል› አለኝ። ከዚህ በላይ ምን እንቅስቃሴ አለ?»

ድካምዎ እውነት ነው፤ ሐኪሙም አልተሳሳተም። ሰው ሳይንቀሳቀስም ይደክማል።

እ.ኤ.አ. በ1953 ጄሪ ሞሪስ የተባለ ብሪታኒያዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞችን ጤና አጥንቶ አሳተመ። ሹፌሩና ቲኬት ቆራጩ በአንድ አውቶቡስ ይሠራሉ፣ አንድ አየር ይተነፍሳሉ፣ ኑሯቸውም ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ ሹፌሩ ተቀምጦ ሲውል ቲኬት ቆራጩ በየቀኑ በመቶ የሚቆጠሩ ደረጃዎችን ሲወጣና ሲወርድ መዋሉ ነው። በልብ ሕመም ይበልጥ የተጠቁት ሹፌሮቹ ሆኑ፤ ሕመሙም ሲይዛቸው ይከፋባቸው ነበር። በኋላ የደንብ ልብሳቸው ልክ ሲታይ የሹፌሮቹ ሱሪ ወገቡ ሰፊ ሆኖ ተገኘ። ይሁን እንጂ ቀጫጭኖቹ ሹፌሮችም አላመለጡም፤ ነገሩ የቦርጭ ብቻ አልነበረም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ትልልቆቹ የጭንና የባት ጡንቻዎች ሥራ ሲፈቱ ከደም ውስጥ ስኳርና ቅባት የሚወስዱት ጥቂት ነው፤ ደሙም ወደ ላይ የሚገፋው አጥቶ እግር ላይ ይከማቻል። እርስዎ የሚሠሩት ማሰርና መጎተት ደግሞ አጭርና ድንገተኛ ነው። አምስት ሰዓት ተቀምጦ የቆየ ሰው ዘሎ ወርዶ ሸራ ሲጎትት ግፊቱ በአንድ ጊዜ ይጨምራል፤ ሥራው በደቂቃዎች ያልቅና ተመልሶ ይቀመጣል። ልብ የሚጠነክረው ሳይቋረጥ ለደቂቃዎች በሚዘልቅ እንቅስቃሴ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ብዙ ይመስላል፤ በእርስዎ ቀን ላይ ግን እንከፋፍለው። በቀን ሦስት ጊዜ በቆሙ ቁጥር አሥር አሥር ደቂቃ ፈጠን ብለው ቢራመዱ፣ በአምስት ቀን 150 ሞላ። ፍጥነቱ ማውራት የሚያስችል፣ መዝፈን ግን የማያስችል ይሁን። ቦታ ከሌለ መኪናዎን ይዙሩት፤ ጎማውንም አብረው ያያሉ። ጭነት ከማውረድዎ በፊትም አምስት ደቂቃ ተራመዱና ሰውነትዎን አሙቁት። ከዚህ ዓምድ አንድ ነገር ብቻ ይዘው ይሂዱ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው።

«26 ዓመቴ ነው። ሌሊት ስነዳ ሦስት ትልልቅ ቆርቆሮ ኢነርጂ ድሪንክ እጠጣለሁ፣ ቡናም እጨምራለሁ። የመኪናው ባለቤት ቶሎ ድረስ ይለኛል። ሰሞኑን ልቤ ዘለል ዘለል ይላል።»

ወንድሜ፣ ስለ ልብህ መዝለል ልጀምር። መዝለሉ ከራስ ማዞር፣ ራስን ከመሳት፣ ከደረት ሕመም ወይም ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂድ። እነዚህ ባይኖሩም የልብ ምርመራ (ኢሲጂ) ተነሳ፤ ደቂቃዎች የሚወስድና የማያሳምም ነው።

አሁን ሒሳቡን እንይ። ባለ 500 ሚሊሊትሩ ቆርቆሮ በአብዛኛው ወደ 160 ሚሊግራም ካፌይን ይይዛል። ሦስቱ 480 ይሆናሉ፤ ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400 ነው የሚባለው። ቡናህን ገና አልቆጠርንም። ስኳር ያለበት ከሆነ ደግሞ በአንዱ ቆርቆሮ ብቻ ወደ 55 ግራም ስኳር አለ፤ ከአሥራ ሦስት የሻይ ማንኪያ በላይ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ችለህ ጠጥተህ እንኳ እንቅልፉ አልተከፈለም። ካፌይን እንቅልፍን ይሸፍነዋል እንጂ አይተካውም። 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው አእምሮው የሚሠራው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ነው። ዓይንህ ከከበደ፣ ያለፍከው ኪሎ ሜትር ትዝ ካላለህ፣ ጎማህ የመንገዱን ጠርዝ ከነካ፣ ደህና ቦታ ፈልገህ ቁም። አንድ ስኒ ቡና ጠጥተህ ወዲያው 20 ደቂቃ ጋደም በል፤ ስትነሳ ካፌይኑም መሥራት ይጀምራል። ይህ ለአንድ ሁለት ሰዓት ያቆይሃል እንጂ ሌሊቱን አያሻግርህም። ልትተኛ ስድስት ሰዓት ሲቀርህም ካፌይን አቁም።

ለመኪናው ባለቤትም አንድ ቃል አለኝ። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ሹፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ እንዲያርፍ የሚያስገድደው ለሹፌሩ አዝኖ ብቻ አይደለም፤ መንገዱን ለሚጋሩት ሁሉ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ በ35 በመቶ፣ በልብ ደም ሥር ሕመም የመሞት ዕድሉ በ17 በመቶ ከፍ ይላል። «ቶሎ ድረስ» የሚል ሰው ይህንን ማወቅ አለበት።

«ክሊኒክ ገብቼ ስለካ 158 በ96 ሆነ። ነርሷ ሌላ ቀን ተመለስ አለችኝ። በሽተኛ ነኝ ወይስ አይደለሁም?»

በአንድ ልኬት አይታወቅም፤ ነርሷ ልክ ናት። ከመኪና ዘለው ወርደው፣ ሽንት ይዘው፣ ሲጋራ ወይም ቡና ቀምሰው ከተለኩ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ከመለካትዎ 30 ደቂቃ በፊት ቡናና ሲጋራ ይቅር። ሽንትዎን ይሽኑ፣ ጀርባዎን አስደግፈው አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ፣ እግር መሬት ይርገጥ፣ ክንድ በልብ ትክክል ይረፍ፣ አያውሩ። ክንድ ላይ የሚታሰረውን ዓይነት መሣሪያ ቢገዙ ሞተሩን አጥፍተው ጋቢናዎ ውስጥም መለካት ይችላሉ። ለሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጊዜ ለክተው ወረቀት ላይ ይጻፉ። አማካዩ 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት አለብዎት፤ ወረቀቱን ለሐኪሙ ያሳዩ። 180 በ120 ካለፈና የደረት ሕመም፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ግን መንዳት የለም፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

«የግፊት መድኃኒቴ ቶሎ ቶሎ ያሸናኛል። መንገድ ላይ የት ልቁም? በምነዳበት ቀን አልውጠውም።»

አባቴም እንዲሁ ያደርግ ነበር፤ እኛ ግን አናውቅም። ስትሮክ መትቶት ሆስፒታል በተኛ በሦስተኛው ቀን ጋቢናውን ላጸዳ ገባሁ። ከበሩ ኪስ ውስጥ፣ ከአሮጌ የጭነት ደረሰኞች ሥር፣ ሰባት እሽግ ኪኒን አገኘሁ። ከአንዱ ላይ ብቻ ሁለት ፍሬ ጎድሏል። ቀኝ እጁ ከዚያ በኋላ መሪ አልያዘም።

ስለዚህ እባክዎ ይህንን ነገር ለሐኪምዎ ይንገሩ። ሹፌር መሆንዎን ካልነገሩት ሐኪሙ አያውቅም። ሽንት የማያበዙ በርካታ የግፊት መድኃኒቶች አሉ፤ ሊቀይርልዎ ይችላል። መቀየር ካልተቻለም የመዋጫው ሰዓት ሊስተካከል ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሽንቱ የሚበረታው ከተዋጠ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ነው። በራስዎ ጀምረው በራስዎ አያቋርጡ። መድኃኒቱን ውጠው ውሃ መጠጣት ማቆምም ሌላ ጉዳት ነው፤ ሰውነት ሲደርቅ ደም ይወፍራል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። ስኳር ኖሮብዎ ኢንሱሊን የሚወጉ ካሉም፣ ፀሐይ ላይ በቆመ ጋቢና ውስጥ ኢንሱሊን ይበላሻል፤ ከመንዳትዎ በፊትና በየሁለት ሰዓቱ ስኳርዎን ይለኩ።

«ወገቤን ስለሚያመኝ በየቀኑ ዳይክሎፌናክ እወስዳለሁ። ግፊትም አለብኝ። ችግር አለው?»

አለው። ዳይክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌንና መሰሎቻቸው ግፊት ይጨምራሉ፣ የግፊት መድኃኒትን ኃይል ይቀንሳሉ፣ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱም ልብንና ኩላሊትን ይጎዳሉ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በየቀኑ የሚወሰድ ነገር አይደለም። የወንበርዎን መደገፊያ ያስተካክሉ፣ የኋላ ኪስዎ ውስጥ ያለውን ቦርሳ ያውጡ፣ ፊዚዮቴራፒ ካለ ይሞክሩ። የአፍንጫ መታፈን የሚከፍቱ የጉንፋን ኪኒኖችም ግፊት ከፍ ሊያደርጉ ስለሚችሉ ፋርማሲ ሲገቡ «ግፊት አለብኝ፣ ሹፌር ነኝ» ብለው ይጀምሩ።

«ባለቤቴ ሹፌር ነው። ሲተኛ ያንኮራፋል፤ መሐል ላይ ጸጥ ይልና ትንፋሹ የቆመ ይመስለኛል። ከዚያ እንደ ታነቀ ሰው ተንፈራግጦ ይተነፍሳል። እሱ ደህና ተኛሁ ይላል።»

እህቴ፣ ያዩት ነገር ስም አለው፤ በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቆራረጥ ይባላል። ጎሮሮ ሲላላ የአየሩ መንገድ ይዘጋል፣ ኦክስጅን ይወርዳል፣ አእምሮ ደንግጦ ያነቃዋል። ይህ ሌሊቱን በተደጋጋሚ ሲሆን ግፊት ይጨምራል፣ የልብ ምትም ሊያዛባ ይችላል። ሰውየው መንቃቱን ስለማያስታውስ ደህና የተኛ ይመስለዋል፤ ቀን ግን መሪ ላይ ያንጎላጃል። ወፍራም አንገት ያላቸው ወንዶች፣ በተለይ ዙሪያው ከ43 ሴንቲ ሜትር ያለፈ፣ ይበልጥ ይጋለጣሉ።

ሲያንኮራፋና ትንፋሹ ሲቆም በስልክዎ ይቅረጹት። ክርክሩን ያሳጥርልዎታል፤ ለሐኪሙም ጥሩ ማስረጃ ነው። ሕክምናው አለ፤ ክብደት መቀነስ፣ ማታ አልኮል መተው፣ በጎን መተኛት፣ ለብዙዎች ደግሞ በጭምብል አየር የሚገፋ ማሽን። ሥራዬን እቀማለሁ ብሎ እንዳይደብቅዎ ይንገሩት፤ የታከመ ሰው በደህና ይነዳል።

«መንገድ ላይ የምናገኘው የተጠበሰና ጨው የበዛበት ምግብ ብቻ ነው።»

ከቤት ይያዙ። የተቀቀለ እንቁላል፣ ምስር ወይም ባቄላ፣ ፍራፍሬ፣ ጨው ያልነካው ለውዝ መንገድን ይችላሉ። የቀን ጨው ከ5 ግራም በታች ይሁን ይባላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም፤ ዳቦና የታሸገ ምግብ ውስጥ ያለውም ይቆጠራል። ምግብ ቤት ሲገቡ ጨዋታው ግማሽ የሚሸነፈው በለስላሳ መጠጥ ነውና ውሃ ይዘዙ። በረሃብ ብዛት አይግቡ። ወገብዎን በእምብርት ትይዩ በሜትር ይለኩ፤ ለወንድ 94 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ማሰብ፣ 102 ካለፈ ሐኪም ማማከር ነው።

«አንድ ባቴ ብቻ አብጧል፣ ይሞቃል፣ ሲነካ ያመኛል። ጭነቱን ካራገፍኩ በኋላ ልታይ?»

አይሆንም፣ ዛሬ ይታዩ። የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ከደረሰ ይገድላል። ባትዎን አያሹት። ድንገት ትንፋሽ ካጠረዎ ወይም ደረትዎን ከወጋዎ ድንገተኛ ነው።

«ሲጋራ በቀን አምስት ብቻ ነው የማጨሰው። ያን ያህል ይጎዳል?»

ይጎዳል፤ ለልብ «ጥቂት» የሚባል ሲጋራ የለም። ካቆሙ በአንድ ዓመት ውስጥ በልብ ሕመም የመያዝ ትርፍ አደጋው በግማሽ ያህል ይወርዳል።

«መሪ ይዤ እያለሁ ደረቴን ቢይዘኝስ? ብቻዬን ነው የምነዳው።»

ይህን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት። የልብ ሕመም ሁልጊዜ ደረት አይወጋም። ደረት ላይ ድንጋይ እንደተጫነ መክበድ፣ ወደ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ የሚሄድ ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ የትንፋሽ ማጠር ሊሆን ይችላል። ሴቶችና የስኳር ሕሙማን ዘንድ ደረቱ ጨርሶ ላያም ይችላል። «ጨጓራ ነው» ብለው አይለፉት።

አራቱንም ፍሬቻ አብርተው ቀስ ብለው ከመንገድ ይውጡ። የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ሞተር ያጥፉ። ወደ ድንገተኛ አገልግሎት ደውለው መጀመሪያ ያሉበትን ቦታ ይናገሩ፤ ራስዎን ቢስቱ እንኳ ቦታው ታወቀ ማለት ነው። «ትንሽ ይቀረኛል፣ ልድረስ» ብለው ራስዎን ወደ ሆስፒታል አይንዱ። የአስፕሪን አለርጂ ወይም የመድማት ችግር ከሌለብዎ፣ በስልክ የሚያገኙት ባለሙያም ከፈቀደ፣ 300 ሚሊግራም አስፕሪን አኝከው ይዋጡ። ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ ወይም ንግግር ከተደናቀፈ ግን ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል አስፕሪን አይውሰዱ።

ረዳት ይዘው የሚሄዱም ይህን ያስተምሩት። ሰው ወድቆ ካልነቃና ትንፋሹ ከሌለ፣ ደውሎ፣ ጠፍጣፋ መሬት ላይ አጋድሞ፣ የደረቱን መሐል በሁለት እጅ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች እየገፋ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫን፤ እርዳታ እስኪደርስ አያቁም።

እርስዎ ግን ብቻዎን ነዎትና፣ ደውለው እንደጨረሱ የጋቢናውን በር ቁልፍ ይክፈቱት። የሚመጡት ሰዎች መስታወት ሲሰብሩ ደቂቃ እንዳያልፍባቸው።