እናት ዛፍስ አለች፣ ቡቃያዋ የት ነው?

ውድ ወጣቶች፣

አንዲት ወጣት የደን ባለሙያ «ሞዴሉ፣ ማለትም ዛፍ ወደፊት የት እንደሚመቸው ከአየር ንብረት መረጃ አስልቶ በካርታ የሚያሳየው የኮምፒውተር ስሌት፣ እ.ኤ.አ. በ2070 ይህ ተራራ ለሐበሻ ጥድ አይመችም ይላል፤ ጥድ መትከል እናቁም ወይ?» ብላ ጻፈችልኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

ደስአ ከትግራይ ደጋ ጫፍ ወደ አፋር ቆላ የሚወርድ የጥድና የወይራ ደን ነው። ለዛፍ ቆጠራ በሄድንበት ጊዜ፣ «አቦይ» እያልን የምንጠራቸው የደን ጠባቂ ወደ ታችኛው ጠርዝ ይዘውን ወረዱ። ጥዱ እንደ ቆመ ደርቋል፤ ቅርፊቱ ሲነኩት ይረግፋል። አልፎ አልፎ አረንጓዴ የቀረ ነበር። አቦይ ከአንዱ ሥር ተንበርክከው የረገፈውን ቅጠል በጣታቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉና «እናት አለች፣ ልጅ የለም» አሉ። ዙሪያውን ብንፈልግ አንድ ቡቃያ እንኳ አላገኘንም። ሽቅብ ስንመለስ ግን በየቁጥቋጦው ጥላ ሥር ጉልበት የማይደርሱ የጥድ ችግኞች አየን።

ቅጹ የሚጠይቀው የዛፉን ስምና ውፍረት ብቻ ነበር። የአቦይን ቃል በኅዳጉ ላይ ጽፈን ብናስረክብም፣ የላከን መሥሪያ ቤት ሰንጠረዡን ወስዶ ኅዳጉን ጣለው። አቦይም አረፉ። ሞዴል የሚማረው እንዲህ ካለ ሰንጠረዥ ነው፤ ዛፍ ከተመዘገበ አየሩ ተስማምቶታል ብሎ ይወስዳል። የመቶ ዓመት ጥድ ግን የሚመሰክረው ስለ በቀለበት ዘመን ዝናብ ነው፤ ስለ ዛሬው የሚመሰክረው ቡቃያው ነው።

እናንተ ከእኛ ይልቅ ስሌት ታውቃላችሁ፤ እኮራባችኋለሁ። ነገር ግን የሞዴሉን ካርታ ቢሮ ተቀምጦ መጨረስ አብዝታችኋል። ሞዴሉ የሚጠቀምበት የአየር ንብረት መረጃ አገሩን በካሬ በካሬ ይከፍላል፤ የአንዱ ካሬ ጎን ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ በገደላማ አገር ፀሐይ የሚያነደው ተረተርና ጉም የሚያርፍበት ሸለቆ አንድ ካሬ ውስጥ ይገባሉ። ቡቃያው የጠፋው በድርቅ ይሁን በፍየል ለይቶ የሚነግራችሁም ጠባቂው ነው። ሞዴሉን ናቁት ማለቴ አይደለም። የደስአ ደን ከታች እየደረቀ ወደ ላይ መሸሹን ጥናቶች ኋላ አሳይተዋል፤ ያኔ ካርታ ቀድሞ ቢነግረን ምንኛ በወደድኩ!

እናም ልጄ፣ ጥዱን አትተዪ፤ ቦታውን ለውጪ። ዘሩን በታችኛው ጠርዝ ካልደረቁት እናት ዛፎች ልቀሚ፤ ጥድ ወንድና ሴት ስላለው ፍሬው ከሴቷ ነው። ድርቁን ችለዋልና በዘራቸው ተስፋ አለኝ። ሞዴሉ ወደፊትም ይመቻል ባለው ከፍታ፣ በቁጥቋጦ ጥላ ሥር ትከዪው። ዘሩ የተለቀመበትን ከፍታ በከረጢቱ ላይ ጻፊ፤ በመስክ ቅጽሽ ላይም ለቡቃያ አንድ ዓምድ ጨምሪ።