ባለ 30 ጥይት ካዝና 5 ብቻ እንዲጎርስ ስለማድረግ

የመሃል ሜዳ ተወላጅ የሆኑና አሁን በካናዳ፣ አልበርታ ግዛት የሚኖሩ አንባቢያችን የጦር መሣሪያ ፈቃድ አውጥተው ለአደን የሚሆን ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ (ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ተኩሶ ቀጣዩን ራሱ የሚያጎርስ) ገዝተዋል። አንድ ወዳጃቸው ከአሜሪካ ባለ 30 ጥይት የብረት ካዝና ሊያመጣላቸው ነው። ከካዝናው ሥር እንጨት አቁመው 5 ጥይት ብቻ እንዲይዝ ቢያደርጉት ሕጉን ያሟላ እንደሆነ፣ ካልሆነም ማገጃውን ብረት እኔ ደብረ ብርሃን ላይ ሠርቼ በመንገደኛ እንድልክላቸው ጠይቀውኛል።

ወንድሜ፣ ከእንጨቱ በፊት መታየት ያለበት የካዝናው ጉዞ ነው። በካናዳ ሕግ መርፌው የቀለሁን መሃል ለሚመታ ከፊል አውቶማቲክ ረጅም ጠመንጃ የተፈቀደው የካዝና መጠን 5 ጥይት ሲሆን፣ ለሽጉጥ ደግሞ በአብዛኛው 10 ነው። ከዚያ በላይ የሚይዝ ካዝና ጠመንጃው ላይ ባይገጠም እንኳ ራሱን ችሎ የተከለከለ ዕቃ ነው፤ ስለዚህ ወዳጅዎ ያልተለወጠውን ካዝና ይዞ ድንበር ሲሻገር፣ እርስዎም ቤትዎ ሲያስቀምጡት፣ በኋላ አስተካክለዋለሁ ማለት ከጥፋተኝነት አያድንም። ለውጡ መሠራት ያለበት ካዝናው ካናዳ ሳይገባ ነው። እኔን ቢሰሙኝ ግን ከፋብሪካው 5 ጥይት ብቻ እንዲይዝ ሆኖ የተሠራውን እዚያው ካለ ሕጋዊ ሻጭ ቢገዙ በገንዘብም በሐሳብም ይቀልልዎታል።

ወደ እንጨቱ ስንመለስ፣ በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው የካናዳ ደንብ የሚጠይቀው ካዝናው ከ5 በላይ እንዳይዝ ብቻ ሳይሆን ማገጃው በቀላሉ የማይወጣ እንዲሆን ጭምር ነው። ለዚህም መንገዶቹን ዘርዝሯል፦ የካዝናውን ግድግዳ ቀጥቅጦ ወይም ተጭኖ ወደ ውስጥ ማጎድጎድ፤ ካዝናው የብረት ወይም የአሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ ከዚያው ወይም ከተመሳሳይ ብረት የተሠራ ማገጃ ከውስጠኛው ግድግዳ ጋር በብየዳ፣ በናስ ብየዳ ወይም በመሰለው ዘዴ ማያያዝ። ካዝናው ፕላስቲክ ሲሆን እንደ ኢፖክሲ ያለ ቋሚ ማጣበቂያም ተፈቅዷል። የእርስዎ እንጨት የሚቆመው በታችኛው ክዳን ላይ ነው፤ ክዳኑ ደግሞ ለጽዳት ሲባል በጣት ተገፍቶ የሚወጣ በመሆኑ እንጨቱ አብሮት ይወድቃል። ብሎንም ቢሆን በካቻቢቴ ስለሚፈታ ያው ነው።

ሥራውን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሲሠራው ቢያንስ የሚከተለውን መጠየቅ ይችላሉ። ማገጃው ትንሽ የላሜራ ቁራጭ ሆኖ ከኋለኛው ግድግዳ በውስጥ በኩል ይቀመጣል፤ ከውጭ በትራፓኖ ቀዳዳ ይበሳና ቀዳዳው በብየዳ ሲሞላ ቁራጩን ከግድግዳው ጋር አንድ ያደርገዋል፤ ትርፉ በሞረድ ይስተካከላል። ቁራጩ የሚያግደው ጥይቱን ወደ ላይ የሚያነሣውን ገፊ እንጂ ሞላውን ስላልሆነ፣ የሞላው ጥምዝ ሳይነካካው እንዲያልፍ ሆኖ መቀጠን አለበት። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው በቅደም ተከተሉ ነው። በብዙ ካዝና ገፊው የሚገባው ከታች በኩል ስለሆነ፣ ማገጃው አስቀድሞ ከተበየደ ገፊው አያልፍም፤ ስለዚህ ሞላው ወጥቶ፣ ገፊው እስከ ላይኛው ጫፍ ተገፍቶ እያለ ይበየዳል፣ ሞላው በመጨረሻ ይገባል። ሞላው ውስጥ እያለ መበየድ ጥንካሬውን ያጠፋዋል። የካዝናውም ከንፈር (ጥይቱን ከላይ ይዞ የሚያስቀረው ጠርዝ) እንዲሁ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ብየዳው በአጭር በአጭሩ ካልተነካካ፣ ብረቱ ሰማያዊ ቀለም እስኪያወጣ ድረስ ከጋለ ከንፈሩ ይላላና ጥይቱን በትክክል አይዝም። ሞላውንም ቆርጦ ማሳጠር አያስፈልግም፤ ያጠረ ሞላ የመጨረሻውን ጥይት ለማንሣት ጉልበት ያንሰዋል።

ልኩ የሚወሰነው በሚሊ ሜትር ነው። ጥይቶች ግራና ቀኝ ተደርድረው በሚቆሙበት ካዝና አንድ ጥይት ሲጨመር ከፍታው የሚያድገው በጥይቱ ውፍረት ግማሽ ገደማ ነው፤ ለምሳሌ ክላሽ የሚጎርሰው የ7.62 በ39 ጥይት ቂጥ ስፋቱ 11.35 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አንዱ ጥይት የሚወስደው ቁመት 6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሆናል። አምስተኛው ከገባ በኋላ ምንም ክፍተት ካልተተወ፣ የጠመንጃው መዝጊያ ተዘግቶ ሳለ አምስቱን ጥይት የያዘው ካዝና ጠቅ ብሎ አይገባም፣ ምክንያቱም መዝጊያው የላይኛውን ጥይት በጥቂቱ ወደ ታች ይጫነዋል። ክፍተቱ ከበዛ ደግሞ ስድስተኛው ይገባል፣ ያን ጊዜ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቢተው ሁለቱንም ያስታርቃል። ፍተሻው ባሩድም ካፕሱልም በሌለው የመለማመጃ ጥይት ይደረግ፤ ስድስተኛውን በአውራ ጣት ጠንከር አድርጎ መጫን ያስፈልጋል፣ መርማሪም ቢሆን በለስላሳ እጅ አይሞክረውምና።

የእንጨት ማገጃ የሰሙት ምናልባት ከወፍ አዳኞች ሊሆን ይችላል። ተሰዳጅ ወፎችን ለማደን የሚያዝ ባለ ቱቦ የርሽ ጠመንጃ በጠቅላላው ከ3 ጥይት በላይ እንዳይዝ ሲደረግ፣ መሣሪያው ሳይፈታ የማይወጣ አንድ ወጥ ማገጃ ይበቃል፤ የቱቦውን ውስጥ ለክቶ የተቆረጠ እንጨትም ያገለግላል። ያ ደንብ ሌላ ነው፣ ለእርስዎ ካዝና አይሠራም። በአያቶቻችን ቤት የምናውቀው ባለ 5 ጥይቱ ምንሽርም ቢሆን በእጅ እየተሳበ የሚጎርስ ስለሆነ ከዚህኛው ገደብ ጋር አይነጻጸርም።

ብረቱን ከዚህ ስለ መላክ፣ አልልክም። ማገጃው በራሱ ተራ የላሜራ ቁራጭ ነው፣ እዚያው ከማንኛውም ብረት ሠራተኛ ዘንድ ይገኛል፤ ልኩም የሚወጣው ካዝናው ሞርሳ ላይ ታስሮ፣ ጥይት እየተጎረሰ ስለሆነ በሩቅ ሊሠራ አይችልም። የጦር መሣሪያ ነክ ዕቃ በመንገደኛ ሻንጣ ማሻገር ደግሞ ሰውየውን በሁለት አገር ሕግ ፊት ያቆመዋል፤ በእኛም በኩል አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ በመሣሪያ ላይ መሥራትን አይታገሥም።