ፊርማሽን ለአጎትሽ አታበድሪ

«በሕግ ተመርቄ ሥራ እየፈለግኩ ነው። አጎቴ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት አለው፤ አሥራ አምስት ከባድ መኪና ያሰማራል። ‹የሕግና ደንብ ክትትል ኃላፊ ላድርግሽ፤ ወረቀቱን አንቺ ትፈርሚያለሽ፣ የስምሪቱን ነገር ለእኔ ተይው› አለኝ። ስለ ደሞዙ ቀስ ብለን እንነጋገራለን ብሏል። እናቴ ደግሞ ‹ያስተማረሽን ሰው እንዴት እምቢ ትይዋለሽ?› ትለኛለች። መኪና መንዳት ስለማልችል ሹፌሮቹ ይንቁኛል ብዬ እፈራለሁ። ዲግሪዬስ አይባክንም? ነገ ተነገ ወዲያ ኮምፒውተር የሚሠራው ሥራ ቢሆንስ?»

እህቴ፣ ከጥያቄዎችሽ ሁሉ ቁጭ ብዬ እንድጽፍልሽ ያደረገኝ አጎትሽ ያለው ነገር ነው። ወረቀቱ ያንቺ፣ ስምሪቱ የእሱ። ሌላውን ኋላ እመለስበታለሁ።

በጭነት ሥራ ሕግ የሚጣሰው ፋይል ክፍል ውስጥ አይደለም። ስምሪት ላይ ነው። አንድ ሹፌር ይጠራና «ይህን ጭነት 900 ኪሎ ሜትር ወስደህ ነገ ታደርሳለህ» ይባላል። የተጫነ ተሳቢ ዳገቱንና የከተማ መጨናነቁን ይዞ በአማካይ በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ መንዳቱ ብቻ ወደ 14 ሰዓት ይፈጃል። አሜሪካ ውስጥ የጭነት ሹፌር 10 ተከታታይ ሰዓት ካረፈ በኋላ መንዳት የሚፈቀድለት ቢበዛ ለ11 ሰዓት ነው። እሱንም ሥራ በጀመረ በ14 ሰዓት ውስጥ መጨረስ አለበት። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ የቀኑን መንዳት በ9 ሰዓት ይገድባል፤ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ወደ 10 ማድረስ ይቻላል። በዚያ ላይ አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ የ45 ደቂቃ እረፍት ግዴታ ነው። ቁጥሩ እንደየአገሩ ይለያያል። ነገሩ ግን አንድ ነው፤ ትእዛዙ ሲሰጥ ሕጉ ተጥሷል። ሹፌሩ ገና ሞተር አላስነሳም።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ወረቀቱን ማስተካከል ነው። አንቺ የተፈለግሽውም ለዚያ ይመስለኛል። አጎትሽ ክፉ ሰው ነው እያልኩ አይደለም። ብዙ ባለ መኪና እንዲህ ነው የሚያስበው። ሕግ ማክበር ማለት ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚታይ ንጹሕ ፋይል መያዝ ይመስለዋል።

ተቆጣጣሪው ግን ሞኝ አይደለም። ሹፌሩ የነዳበትንና ያረፈበትን ሰዓት የሚያሳየውን የሰዓት መዝገብ ለብቻው አያነብም። የነዳጅ ደረሰኙን፣ የሚዛኑን ወረቀት፣ የመንገድ ክፍያውን፣ የመጫኛና የማራገፊያ ሰነዱን አጠገቡ ያስቀምጣል። መዝገቡ «ተኝቷል» በሚልበት ሰዓት ነዳጅ የተቀዳበት ደረሰኝ ካገኘ አለቀ። አሜሪካ ውስጥ ድርጅቶች እንዲህ ያሉ ደጋፊ ሰነዶችን ከሰዓት መዝገቡ ጋር ለ6 ወር እንዲያስቀምጡ የሚገደዱት ለዚህ ነው።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2017 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ አብዛኛው የአሜሪካ ረጅም መንገድ ሹፌር ሰዓቱ የሚመዘገበው ከሞተሩ ጋር በተያያዘ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነው። ቢሮ ያለ ሰው መዝገቡ እንዲስተካከል መጠየቅ ይችላል። ነገር ግን ሹፌሩ ካላጸደቀው ማስተካከያው አይጸናም። የመጀመሪያው መዝገብም አይጠፋም፤ ማስተካከያው የማን እንደሆነና ምክንያቱ አብሮት ይቀመጣል። አስቢው፤ እዚያ የሚገኘው ስም የአጎትሽ አይሆንም። ያንቺ ነው።

የአውሮፓ ሕግ ይህን ጉዳይ በግልጽ ተናግሮታል። ማንኛውም የጭነት ድርጅት በስም የሚታወቅ የትራንስፖርት ሥራ አስኪያጅ ሊኖረው ይገባል። ይህ ሰው ፈተና ያለፈ፣ ስሙ ያልጎደፈና ሥራውን በእውነት፣ ያለማቋረጥ የሚመራ መሆን አለበት። ስሙን ብቻ አውሶ ቤቱ የሚቀመጥ ሰው ሕጉ አይቀበልም። ከባድ ጥፋት ተገኝቶበት መልካም ስሙን ካጣ ደግሞ የሚዘጋበት ያ ድርጅት ብቻ አይደለም። በኅብረቱ አገሮች ሁሉ የማንንም መኪና መምራት ይከለከላል። ገና የመጀመሪያ ሥራሽ ላይ ይህ ቢደርስብሽ የት ትገቢያለሽ?

እናትሽን በተመለከተ ሳልሸፋፍን ልናገር። አጎትሽ ስላስተማረሽ ውለታ አለብሽ፤ ይህን የሚክድ የለም። ያ ውለታ ግን በገንዘብ የተዋለ ነው፣ ቀስ በቀስም ቢሆን በገንዘብ ሊመለስ ይችላል። በፊርማ አይከፈልም። እንቅልፍ ያሸነፈው ሹፌር ሰው ቢገጭ ፍርድ ቤት «መዝገቡን ማን አጸደቀ?» ብሎ ነው የሚጠይቅ። «ማን አስተማረሽ?» ብሎ አይጠይቅም። ስለ ደሞዙም ያው ነው። መጠኑ ያልታወቀ ደሞዝ ደሞዝ አይባልም። ለባዕድ ሰው «ቀስ ብለን እንነጋገራለን» የማይል ሰው ለእህቱ ልጅ ሲል፣ ዝምድናሽን ከደሞዝሽ ላይ እየቀነሰው ነው።

ቢሆንም ወዲያው እምቢ አትበይው። አንድ ጥያቄ ጠይቂው። መኪናው ተጭኖ ቆሟል፣ ደንበኛው ይደውላል፣ ሹፌሩ ፍሬኑ ደህና አይደለም ይላል። «ይህ መኪና አይወጣም» የማለት ሥልጣን አለኝ? በይው። «አዎ» ካለና ሥልጣኑን ከደሞዙ ጋር በጽሑፍ ከሰጠሽ ግቢ። «ትደውይልኛለሽ» ካለ መልሱን አግኝተሻል። ከመፈረምሽ በፊት ደግሞ የአንድ ሹፌርን የአንድ ወር መዝገብና የነዳጅ ደረሰኞች ስጠኝ ብለሽ ራስሽ አስተያያቸው። አንድ ከሰዓት አይፈጅም። ድርጅቱ ምን ላይ እንዳለ ከማንም በላይ ታውቂያለሽ።

እምቢ ካልሽ ወዴት? እኔ ብሆን የማያውቁኝ ሰዎች ድርጅት ውስጥ፣ ከዚህ ባነሰ ማዕረግ እጀምር ነበር። ፋይል ክፍል። ብዙ ዓመት በትራንስፖርት ድርጅት የሠራሁት የሹፌር ፋይል ከመደርደር ጀምሬ ስለሆነ ለፋይል አዳላለሁ፤ ይህን እያወቅሽ አንብቢኝ። ሥራው ሲያዩት አሰልቺ ነው። መንጃ ፈቃዱ መቼ ያበቃል? የጤና ምስክር ወረቀቱስ? የቀድሞ አሠሪው ተጠይቋል? የዕፅ ምርመራው ውጤት ገብቷል? የመኪናው ዓመታዊ ምርመራ ቀኑ አልፏል? ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ የሹፌር የጤና ምስክር ወረቀት ከ24 ወር በላይ አያገለግልም። የደም ግፊት ያለበት ሹፌር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ ያነሰ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ቀን እያሳደስኩ እገላገላለሁ ማለት አይቻልም። እያንዳንዱን ሹፌር በየቀኑ ማወቅ ነው። ሁለት ዓመት እንዲህ ከሠራሽ ደንቡን የምታውቂው ከነሹፌሩና ከነመኪናው ይሆናል። ያኔ ወደ አጎትሽ ብትመለሺ እንኳ ንግግሩ ሌላ ነው።

የቀሩት ጥያቄዎችሽ። ዲግሪሽ አይባክንም፤ ደንቡን ራሱን አንብቦ የሚረዳ ሰው በዚህ ሥራ ብዙ የለም። መንዳት አለመቻልሽም ችግር የለውም፤ ግን አንድ ረጅም ጉዞ ጋቢና ተቀምጠሽ ሂጂ። ሹፌሮች የሚንቁት መንዳት የማይችል ሰውን አይደለም፣ ስምሪት ሲጫናቸው ዝም የሚልን ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ቀን ማለፉን ይነግርሻል፤ መኪናውን አያቆምልሽም።

አጎትሽን ስታናግሪው እናትሽ ባትኖር ይሻላል። ለእሷ በኋላ ትነግሪያታለሽ።