ለሳሙናና ለሎሽን የንብ ሰም ለጠየቅሽው እህት፦ ሰፈፍ ግዢ፣ ሰሙን ራስሽ አውጪ

ሰላም እህቴ። «አዲስ አበባ ነው የምኖረው፤ ቤት ውስጥ ሳሙናና ሎሽን መሥራት ጀምሬያለሁ። ንጹህ የአገር ውስጥ የንብ ሰም ከየት ልግዛ? እንዴትስ ልጠቀመው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሰው ሁሉ «መርካቶ ሂጂ፣ ሞልቷል» ነው የሚልሽ። ሞልቷል፣ እውነት ነው። ግን በሰም ስም የሚሸጠው ሁሉ ሰም አይደለም። እኔ በዚህ ሥራ ነው የምተዳደረው። በሰም ምክንያት የደረሰብኝ ኪሳራ ባንቺ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ። ሚዛን፣ ቴርሞሜትርና ጓንት እንዳለሽ፣ የኮስቲክ ሶዳን አያያዝም እንደምታውቂ ቆጥሬ ነው የምጽፈው።

1. ከየት ይገዛል?

ከጠጅ ቤት። ብዙ ሰው ይህን ስነግረው ይገርመዋል። ጠጅ የሚጥል ሰው ማሩን ከነሰፈፉ፣ ማለትም ከተሰባበረው የንብ እንጀራ ጋር፣ በውሃ ይበጠብጠዋል። ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ ሰፈፉ ላይ ይወጣል፤ ይገፈፋል። ጌሾው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ያ የተገፈፈው ሰፈፍ ውስጥ ሰሙ አለ። ማሩ በውሃ ስለታጠበለትም ግማሹን ሥራ ሌላ ሰው ሠርቶልሻል ማለት ነው።

ማር ያመርታሉ የተባሉ ዘመናዊ ንብ አናቢዎች ጋር ሄደሽ ሰም ብትጠይቂ ብዙ ጊዜ «የለንም» ይሉሻል። እየዋሹሽ አይደለም። በዘመናዊ ቀፎ ማሩ በማሽን ይወጣና እንጀራው (ንቦቹ ማሩን የሚያስቀምጡበት የሰም ቤት) ተመልሶ ለንቦቹ ይሰጣል። ከ100 ኪሎ ማር የሚገኘው ሰም ከ2 ኪሎ አይበልጥም። እሱንም ንቦቹ አዲስ እንጀራ የሚጀምሩበት መሠረት እንዲሆን በቀፎው ፍሬም ላይ ለማተም ይፈልጉታል። በባህላዊው ቀፎ ግን እንጀራው ተቆርጦ ከነማሩ ይወጣል። ስለዚህ ከ100 ኪሎ ማር ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሰም ይገኝበታል። ኢትዮጵያ በማር ከአፍሪካ አንደኛ የሆነችው፣ በሰምም ከዓለም ቀዳሚዎቹ ተርታ የምትቆጠረው በዋናነት በዚህ በባህላዊው ቀፎ ነው። ከከፋና ከሸካ ጫካ፣ ከጅማ፣ ከባሌ፣ ከጎጃም የሚመጣው ከነእንጀራው የሆነ ማር ደግሞ በብዛት መድረሻው ጠጅ ቤት ነው።

ጠጅ ቤቶቹ አብዛኞቹ ሰፈፋቸውን የሚወስድ ቋሚ ሰው አላቸው። ስለዚህ ቀድመሽ ሂጂ። በጠዋት፣ ጠጪ ሳይገባ ሂጂና ባለቤቷን በአክብሮት አነጋግሪ። «እትዬ፣ ሰፈፍ ሲኖርዎት ለእኔ ያስቀምጡልኝ፤ የራሴን ባልዲ አመጣለሁ» በያቸው። ዋጋውን ከመስማማትሽ በፊት ሰፈፉን በእጅሽ ጨመቅ አድርጊው። ውሃ ያዘለ ሰፈፍ በሚዛን ብዙ ነው፤ ድስት ውስጥ ሲገባ ግን ምንም የለውም። ተጨምቆ ይመዘንልሽ። ከጥቅምት እስከ ኅዳር አዲስ ማር ስለሚገባ ሰፈፍ ያኔ ይበዛል። በጥርም የሠርግ ጠጅ ስለሚጣል ጥሩ ነው።

ሰፈፉን ቤትሽ አምጥተሽ ጥግ አታስቀምጪው። በሁለት ቀን ውስጥ አቅልጪው። አለበለዚያ ይሻግታል፤ የእሳት እራትም ትል ይጥልበታል። ትሉ የተጣራ ሰም አይነካም፤ ሰፈፍና አሮጌ እንጀራ ግን ይወዳል።

2. የተጋገረ (ቀልጦ በቅርጽ የረጋ) ሰም አትግዢ

ይህን በደንብ አንብቢልኝ። አዳማ ያለ አንድ ሱቅ ለበዓል የከንፈርና የእጅ ቅባት በብዛት አዘዘኝ። በጊዜው የጠጅ ቤት ሰፈፍ አልበቃኝም። ገበያ ውስጥ አንድ ነጋዴ ጋር ሄድኩ። ክብ፣ ቢጫ፣ ሲያዩት የሚያምር የሰም ግግር አወጣልኝ። ማር ማር ይሸታል። ከጠርዙ ሰብሮ ሰጠኝ፤ አሸትኩት፣ አኘክሁት፣ በጥፍሬ ፋቅሁት። ንጹህ ነበር። ያንን ጠርዝ ዛሬም ብትሰጪኝ ንጹህ ነው እላለሁ። ገዛሁ።

ቅባቱን ሠራሁ፤ ተላከ። ከዚያ ስልክ ተደወለልኝ። ዘይቱ ከሰሙ ተለይቶ በየቆርቆሮው አፍ ላይ ቆሟል። የአዳማን ሙቀት ታውቂዋለሽ። ከሥሩ ያለው ደግሞ ፍርፍር ብሏል። ሱቁ ሁሉንም መለሰልኝ፤ ከዚያ ወዲህም አላዘዘኝም። እኔ በዚያ ሱቅ በኩል ሐረርና ድሬዳዋ ለመድረስ ነበር ያሰብኩት።

የተረፈኝን ግግር በመጋዝ ለሁለት ከፈልኩት። ላዩ ዙሪያውን ቢጫ ሰም ነው። መሃሉ ነጣ ያለ፣ ልሙጥ፣ ምንም ሽታ የሌለው ሌላ ነገር ነው። የሻማ ፓራፊን፣ ከነዳጅ የሚወጣው ሰም ነበር። መጀመሪያ ፓራፊኑን ጋግረው ንጹሁን ሰም ከላይ አልብሰውታል። ይህን ያደረገ ሰው ደንበኛ ከጠርዝ ሰብሮ እንደሚቀምስ ያውቃል። አስቦበት ነው የሠራው።

ነጋዴው ጋር ይዤው ተመለስኩ። «እኔም እንዲሁ ነው የገዛሁት፤ ሰም ሰም ነው» አለኝና ፊቱን አዞረ። ጉዳዩ ይመለከተዋል የተባለ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ወረፋ ጠብቄ ገባሁ። ሰውዬው ገና ከመቀመጤ «አንቺ፣ ምን ፈልገሽ ነው?» አለኝ። በእድሜ ታናሼ ነው። የተከፈለውን ሰም ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ «አንሺልኝ፣ ያቆሽሻል» አለ። ደረሰኝ ጠየቀኝ። ነጋዴው ደረሰኝ አልሰጠኝም ነበር። «ታዲያ ምን ላድርግልሽ? ቤታችሁ ቅባት እያሟሟችሁ ነጋዴ ነን ትላላችሁ» ብሎ ቀጣዩን ተረኛ ጠራ። እኔ ግብር የምከፍል ሰው ነኝ። በሐሰት ሰም የሚበላሸው የእኔ ቅባት ብቻ አይደለም። ያው የተቀላቀለ ሰም ለንብ አናቢ ይሸጥና ለፍሬም ይታተማል። ንቦቹ በሚሠሩበት ጊዜ በሙቀት ይለጠጣል፤ እንጀራው ከነማሩ ይወድቃል። ይህን ሁሉ ልነግረው ነበር የሄድኩት። የሚሰማ አልነበረም።

ስለዚህ የግድ የተጋገረ ሰም መግዛት ካለብሽ መሃሉ ይቆረጥልሽ። «ይቆረጥልኝ» ስትይ ነጋዴው ካንገራገረ ተይው። ደረሰኝም ሳትቀበዪ ብር አታውጪ።

3. በአረቄ ፈትኚው

ማኘክና ማሽተት ይረዳል። ሞራ የገባበት በጥርስ ላይ ይቀባል፤ ሲቃጠልም ሥጋ ሥጋ ይሸታል። ዱቄት የገባበት ሲቀልጥ ከሥር ይዘቅጣል። የቆየ ንጹህ ሰም ላዩ ላይ ነጭ ብናኝ ያወጣል፤ በጨርቅ ሲታሽ ይለቃል። ያ ሻጋታ አይደለም፣ ጥሩ ምልክት ነው። ፓራፊንን የሚያጋልጠው ግን አረቄ ነው።

በብርጭቆ ዳግም አረቄ ቅጂ። ከሱቅ ሻማ ትንሽ ቁራጭ ጣይበት፤ ይንሳፈፋል። ከዚያ የምትጠረጥሪውን ሰም ጣይ። ንጹህ የንብ ሰም ከሆነ ይሰምጣል። የንብ ሰም ሊትሩ ከ950 እስከ 970 ግራም ይመዝናል፤ ፓራፊን ወደ 900 ነው። ዳግም አረቄ በሁለቱ መካከል ነው። አረቄው ቀጥኖ ከሆነ ንጹሁም ይንሳፈፋል። ስለዚህ ራስሽ ከሰፈፍ ያወጣሽውን ቁራጭ አብረሽ ጣይና አወዳድሪ። አረቄ ቤትሽ የማይገባ ከሆነ ከፋርማሲ 70 በመቶ አልኮል ገዝተሽ ሦስቱን እጅ በሁለት እጅ ውሃ ቀላቅዪ። ቁራጩን ከመጣልሽ በፊት በጣትሽ አሽተሽ አየሩን አስወጪ፤ አየር ካለበት ያታልልሻል። ከመሃል የተቆረጠውንና ከጠርዝ የተቆረጠውን ለየብቻ ፈትኚ። ጥቂት ፓራፊን ብቻ ከገባበት ይህ ፈተና ላይይዘው ይችላል። እኔ ወደ ሰፈፍ የተመለስኩትም ለዚህ ነው።

4. ሰሙን ማውጣት

አያቴ ጎጃም ውስጥ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ትሠራ ነበር። እሷ ስትሠራ ያየሁትን ነው የምሠራው፤ የጨመርኩት ቴርሞሜትር ብቻ ነው። ሰፈፉን በጥጥ አቡጀዲ ከረጢት ታስሪዋለሽ። በሰፊ ድስት ውሃ ውስጥ ታስገቢውና ድንጋይ ትጭኝበታለሽ። ውሃው መፍላት የለበትም። ሰም ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ከ85 ካለፈ ይጠቁራል። ሰሙ በጨርቁ እየጠራ ላይ ይንሳፈፋል፤ ቆሻሻው ከረጢቱ ውስጥ ይቀራል። በእንጨት ማንኪያ ከረጢቱን ደጋግመሽ ጫን ጫን አድርጊው።

ድስቱ የማይዝግ ይሁን። ብረት ሰሙን ያጠቁረዋል፤ መዳብ አረንጓዴ ያደርገዋል። ከተቻለ የዝናብ ውሃ ተጠቀሚ። የጉድጓድ ውሃ ኖራ ስላለበት ሰሙን ያበላሸዋል።

የአያቴ ትልቁ ምስጢር ማቀዝቀዙ ነው። እሳቱን ካጠፋሽ በኋላ ድስቱን ክደኚና በጋቢ ጠቅልለሽ እስከ ነገ ተይው። ቀስ ብሎ ሲበርድ ቆሻሻው ለመዝቀጥ ጊዜ ያገኛል። በማግስቱ ግግሩን አንስተሽ ሥሩ ላይ የያዘውን ጥቁር ነገር በቢላ ፋቂው። ለሳሙና ይህ ይበቃል። ለፊት ቅባት ከሆነ አንድ ጊዜ ድገሚው። ሲቀልጥ ጥለሽው አትሂጂ። ለሁለተኛው ማቅለጫ ሁልጊዜ ድስት በድስት አድርጊ፣ ሰሙ ያለበትን ድስት ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ አስቀምጪ፤ ሰም በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም። ትርፉን ውሃ ደግሞ ማጠቢያ ውስጥ አትድፊው። ኮንዶሚኒየም ከሆንሽ የጎረቤትሽም ቧንቧ ይዘጋል።

የራስሽ ሰም ትንሽ የጭስና የጠጅ ሽታ ይኖረዋል። ደንበኞቼ ይህን ሽታ ይወዱታል። እኔም ሽቶ ጨምሬ አልሸፍነውም።

5. አጠቃቀሙ

ሳሙና ላይ እጅሽን ሰብስቢ። ለ500 ግራም ዘይት 10 ግራም ሰም በቂ ነው። ከዚያ ካለፈ አረፋው ይቀንሳል፤ ውህዱም ቶሎ ይጠነክርብሻል። ለ10 ግራሙ ሰም ወደ 0.7 ግራም ተጨማሪ ኮስቲክ ሶዳ አስቢ። ዘይቱን 50 ዲግሪ አካባቢ ያዢው፤ ከቀዘቀዘ ሰሙ ነጭ ነጭ ሆኖ ይረጋል።

ለከንፈር ቅባት አንድ እጅ ሰም በአራት እጅ ዘይት። ለእጅና ለተረከዝ አንድ በአምስት ወይም አንድ በስድስት። ቆላ የምትልኪ ከሆነ ሰሙን ትንሽ ጨምሪ። የኑግ ዘይት ቶሎ ስለሚበላሽ ለቅባት አልመክርሽም። ሰሊጥ ይሻላል፤ የጉሎ ዘይት ትንሽ ሲገባበት ደግሞ ያንጸባርቃል።

ሎሽን የብዙ ሰው ራስ ምታት ነው፤ አንቺም ጠይቀሻል። ሰም ብቻውን ውሃና ዘይት አያዋህድም። ወይ ማዋሃጃ ሰም የሚባለውን ከኬሚካል መሸጫ ትገዣለሽ፣ ወይ በድሮው መንገድ ቦራክስ የሚባለውን ነጭ ዱቄት ትጠቀሚያለሽ። ለ16 ግራም ሰም 50 ግራም ዘይት፣ 33 ግራም የተጣራ ውሃ፣ 1 ግራም ቦራክስ። ቦራክሱን በውሃው አሟሚ፣ ሰሙን በዘይቱ አቅልጪ፣ ሁለቱንም 70 ዲግሪ አድርሺና ውሃውን ወደ ዘይቱ እያማሰልሽ ጨምሪ። ቦራክሱ የሚሠራው ሰሙ ውስጥ ካለው አሲድ ጋር ተዋህዶ ነው። ፓራፊን ይህ አሲድ የለውም። «ሎሽኔ ለምን ተለያየ?» የሚሉ ሰዎች መጀመሪያ ሰማቸውን ይመርምሩ። በቦራክስ የተሠራው ሎሽን ለሕፃንና ለቆሰለ ቆዳ አይሆንም።

ውሃ የገባበት ነገር ሁሉ ማቆያ ካልተጨመረበት ይሻግታል። ለራስሽ ከሆነ ትንሽ ሠርተሽ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪና ቶሎ ጨርሺው። ለመሸጥ ካሰብሽ መጀመሪያ ውሃ በሌለው ቅባት ጀምሪ። ፈቃዱንም ቀድመሽ ጠይቂ፤ የውበት መጠበቂያ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሥር ነው።

ጠጅ ቤት ስትሄጂ ክዳን ያለው ባልዲ ያዢ። ታክሲ ውስጥ ሰፈፍ ይሸታል፤ ረዳቱም አያስገባሽም።